ስፍራ የለም ያለው ማን ነው?



 

ባለፈው እሑድ ከመዝሙር ጥናት በኋላ በተደረገው ውይይት ላይ የነበራችሁ እንደምታስታውሱት፣ አንድ ወንድማችን ተነሥቶ፣ «ሱቅ ወይም ሻይ ቤት ያለው ሰው ያልፈለገውን ደንበኛ አላስተናግድህም ብሎ የመመለስ መብት አለው ወይስ የለውም?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ቀላል መስሎን ነበር። ነገር ግን ግማሾቻችን «ንብረቱ የራሱ ነው፤ ለወደደው ይሽጥ» ስንል፣ ግማሾቹ ደግሞ «ኃጢአት ነው፤ አይቻልም» ብለው ተነሡ፤ ክርክሩም እንደ ጦፈ የጸሎት ሰዓት ደረሰ። የዝግጅት ክፍሉ በጉዳዩ ላይ ጽሑፍ እንዲወጣ ሲወስን ሥራው ለእኔ የተሰጠኝ ከሌላው የተሻለ ስለማውቅ ሳይሆን፣ ከሁሉ በላይ ስለ ጮኽሁ ይመስለኛል። የተከራከርሁትም ለባለ ሱቁ ነበር። ለምን እንደ ሆነ አስቀድሜ ልናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ትምህርት ቤት ሲዘጋ በአጎቴ ሱቅ እሠራ ነበር። ሱቁ በቸርችል ጎዳና፣ ከፖስታ ቤት ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ሲወጣ በመንገዱ ዳር ከነበሩት የባህል ዕቃ መሸጫዎች አንዱ ነበር። ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሐር ቁልቁል በሚወርደው በዚህ መንገድ የተመላለሰ ሰው እንዲህ ያሉትን ሱቆች ያውቃቸዋል። የብርና የነሐስ መስቀል፣ በብራና ላይ የተሣለ ሥዕል፣ ጥልፍ ቀሚስ፣ መሶብ፣ ጀበና ተደርድሮባቸዋል። ገበያተኞቹ በአብዛኛው የውጭ አገር ሰዎችና ከውጭ ለዕረፍት የሚመጡ ወገኖቻችን ናቸው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አጎቴ ወጣ ብለው ሳለ ሁለት ፈረንጆች ገብተው መስቀል ይመርጡ ነበር። በዚያው ሰዓት አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን እንደ ለበሱ፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ በበረባሶ ጫማቸው ደረጃውን ወጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ጫማቸው ጭቃ ነክቶት ነበር። «እንደ ምን ዋልህ ልጄ» አሉኝ። እኔም ሰላምታቸውን በቅጡ ሳልመልስ «አባባ፣ እዚህ ለእርስዎ የሚሆን ዕቃ የለም፤ ወደ ላይ ይሞክሩ» አልኋቸው። ዓይናቸው በግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው ነገር ትንሽ ዘወር አለና፣ «እሺ ልጄ» ብለው ከዘራቸውን አስቀድመው ወረዱ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ኖሮ ምናልባት እስከ ዛሬ እረሳው ነበር።

ምን ሊገዙ እንደ መጡ አላወቅሁም። ለልጅ ልጃቸው ክርስትና የአንገት መስቀል ፈልገው ይሆናል፤ መንገድ ሊጠይቁም ይሆናል። ፈረንጆቹም ሳይገዙ ወጡ። (ይህን ስል እግዚአብሔር ወዲያው ቀጣኝ ማለቴ አይደለም፤ ፈረንጅ ብዙ ጊዜ አይቶ ነው የሚወጣው።) ማታ ለአጎቴ ብነግራቸው «ደግ አደረግህ» አሉኝ።

በዚያው ዓመት ለልደት በዓል ባሳየነው ተውኔት የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሆኜ እንድሠራ ተመደብሁ። ሆዴ ላይ ትራስ አስሬ ዮሴፍንና እመቤታችንን «ስፍራ የለም! ሂዱ ከዚህ!» ስል ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ግን ከንፈራቸውን መጠጡ። በኋላ የሉቃስን ወንጌል ምዕራፍ ሁለትን ገልጬ ብፈልግ እንዲህ ያለ ሰው በዚያ የለም። ወንጌላዊው የነገረን በማረፊያው ስፍራ እንዳልነበራቸው ብቻ ነው። ሆዳሙን ባለቤት የፈጠርነው እኛ የተውኔቱ አዘጋጆች ነን። ደግሞስ ቤቱ በእውነት ሞልቶ ቢሆን? ቤቱ የሞላበት ሰው «ሞልቷል» ቢል ምን ጥፋት አለበት? ስለዚህ ሰውዬውን ለመፍረድ እምቢ ማለቱን ማወቅ አይበቃም፤ እምቢ ያለው ስለ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

አጎቴን በደል እንዳልፈጽምባቸው ነገራቸውን እንደ ተናገሩት ላቅርብ። እንዲህ ይሉ ነበር። «ሱቁን የከፈትሁት በላቤ ነው፤ ኪራይ እኔ እከፍላለሁ፤ ግብር እኔ እከፍላለሁ፤ ዕቃ ቢሰረቅ የሚጠፋው የእኔ ነው። ቤቴ ማን እንደሚገባ እንደምመርጥ ሱቄም ማን እንደሚገባ እመርጣለሁ።» ይህ አባባል ተራ ትዕቢት ብቻ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 41 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የኑሮ ሥራ የመሠማራት ነጻነት እንዳለው ይደነግጋል። ሰው ከደከመበት ነገር ላይ አንዳች ሥልጣን ከሌለው ባሪያ እንጂ ነጋዴ አይደለም።

ነጋዴ እምቢ ማለት የሚገባው ጊዜም አለ። ሰክሮ ለሚንገዳገድ ሰው ሌላ መለኪያ አልቀዳም ያለች ባለ መጠጥ ቤት እኅታችን ደግ ሥራ ሠርታለች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥና ትምባሆ እንዳይሸጥ ሲከለክል፣ ሻጩን እምቢ በል ብሎ ማዘዙ ነው። «ዱቤ የለም» ብሎ ግድግዳው ላይ የጻፈ ባለ ሱቅ የከለከለው ብድርን እንጂ ሰውን አይደለም። በአጎቴ ሱቅ ራሱ አንድ ቀን አንድ ጎልማሳ በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ የብራና መጽሐፍ ይዞ መጥቶ «ግዙኝ» ቢል፣ አጎቴ ከየት እንዳመጣው ጠይቀው መልስ ባጡ ጊዜ «ይህ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከሱቄ ውጣ» ብለው አባረሩት። ስለ ቅርስ ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 መኖሩን ይወቁ አይወቁ አላውቅም፤ ኅሊናቸው ግን ያውቅ ነበር። በዚያ ቀን በአጎቴ ኮራሁ።

የሰንበት ነገርም እንዲሁ ነው። ነህምያ በሰንበት የኢየሩሳሌምን በሮች ባዘጋ ጊዜ ነጋዴዎቹ አንድ ሁለት ጊዜ ከከተማው ውጭ እንዳደሩ በመጽሐፉ ምዕራፍ 13 ተጽፏል። እሑድ ሱቁን የሚዘጋ ክርስቲያን ለሁሉም እኩል ዘጋ እንጂ ለአንዱ ከፍቶ በሌላው ላይ አልዘጋም።

በከተማችን ሥጋ ቤቶች በር ላይ የሚታየውን ምልክት ደግሞ ተመልከቱ። በአንዱ ላይ መስቀል፣ በሌላው ላይ ጨረቃ ተሥሏል። አንድ የውጭ አገር ሰው ቢያየው «እነዚህ ሰዎች በሃይማኖት ተለያይተው ይከለካከላሉ» ሊል ይችላል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ምልክቱ ከብቱን ማን እንዳረደው ለገዢው የሚናገር ነው፤ «አልበላም» የማለቱን ምርጫ ለገዢው ይተውለታል። መስቀል ያለበት ሥጋ ቤት የገባ እስላም ጎረቤታችን ለክርስቲያን እንግዳው ሁለት ኪሎ ቢገዛ ባለ ሥጋ ቤቱ ይመዝንለታል እንጂ ስሙን አይጠይቀውም። ይህ ሥርዓት በመካከላችን ረጅም ዘመን ኖሯል፤ እኔ ከየትኛውም ክርክር ይልቅ ከዚህ ተምሬያለሁ።

እንግዲህ በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ነጋዴው የመለሰው አንድን ሥራ ወይም አንድን ዕቃ ነው። ስካሩ ሲያልፍ ሰካራሙ ተመልሶ ይገባል፤ ብራናውን ያመጣውም ሰው ነገ መስቀል ሊገዛ ቢመጣ ይሸጥለታል። እኔ ያን ቀን የመለስሁት ግን ምንን ነው? ሽማግሌው ምንም አልሠሩም። የመለስሁት ጋቢያቸውንና ጫማቸውን ነው፤ ወይም ጋቢና በረባሶ የሚለብሰውን ሰው ሁሉ ነው።

ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ ሁለት ላይ የጻፈውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የወርቅ ቀለበት ያደረገውንና ያጌጠ ልብስ የለበሰውን በመልካም ስፍራ አስቀምጠን፣ ያደፈ ልብስ የለበሰውን ድኃ ወዲያ ቁም ብንለው ክፉ አሳብ ያለን ዳኞች ሆነናል ይለናል። ሐዋርያው የተናገረው ስለ ጉባኤ እንጂ ስለ ሱቅ አይደለም የሚል ይኖራል። እኔም በውይይቱ ላይ ይህንኑ ብዬ ነበር። ነገር ግን እሑድ በጉባኤ ላይ ኃጢአት የሆነ ነገር ሰኞ በሱቅ ውስጥ ጽድቅ የሚሆንበትን መንገድ እስካሁን አላገኘሁትም።

ይህ ነገር በሰፈራችን እንግዳ አይደለም። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ፣ በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረውን ትልቁን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውሮ፣ ዛሬ መርካቶ የምንለውን የአገሬው ተወላጅ ገበያ ብሎ ለየ፤ አራዳን ለራሱ ሰዎች ፒያሳ አደረገው። በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ጣልያናዊ ከኢትዮጵያዊት ጋር እንደ ባልና ሚስት መኖሩ ወንጀል ሆነ። በሰኔ 1931 ዓ.ም. የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ለጥቁሮች ወደ ተለየ ቤት የሚመላለሰውን ጣልያናዊ እንኳ የሚያስቀጣ ነበር። ዛሬ በፒያሳ ማኪያቶ ስንጠጣ በዚያ ዘመን የእኛ አያቶች እንዲለዩ የታዘዘበት ሰፈር መሆኑን የምናስብ ስንቶቻችን ነን? ቸርችል የሚባለውም መንገድ በእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ስም የተጠራው ያ ሁሉ በ1933 ዓ.ም. ካለፈ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወንድማችን «ይህማ የመንግሥት ሕግ ነው፤ ነጋዴው ነጻ ቢሆን ኖሮ ለገንዘቡ ሲል ለሁሉም ይሸጥ ነበር» ያለው አሳብ ሊመረመር ይገባዋል። አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። ሁልጊዜ ግን አይደለም። በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. በ1960 ዓ.ም. የካቲት ወር መጀመሪያ ላይ አራት ጥቁር ተማሪዎች ግሪንስቦሮ በተባለ ከተማ ዉልዎርዝ ወደሚባል ትልቅ መደብር ገቡ። በአንዱ ባንኮኒ የጥርስ ሳሙና ሸጡላቸው፤ በሌላው ባንኮኒ ቡና ቢጠይቁ ከለከሏቸው። ያው መደብር፣ ያው ገንዘብ፣ ያው ቀን! ገንዘባቸውን ወደደ፤ አብረውት መቀመጣቸውን ግን ጠላ። ተማሪዎቹም አልተነሡም፤ በማግስቱም ሌሎችን ይዘው ተመለሱ። መደብሩ ባንኮኒውን ለጥቁሮች የከፈተው በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. ደግሞ ሆቴልና ምግብ ቤት ሰውን በቀለሙ ወይም በሃይማኖቱ እንዳይመልስ የሚከለክል ሕግ ወጣ። ከዚያም በኋላ በደቡብ ካሮላይና የተጠበሰ ሥጋ ቤቶች የነበሩት አንድ ሰው «ከጥቁሮች ጋር መቀላቀልን እምነቴ ይከለክለኛል» ብሎ ፍርድ ቤት ተከራከረ፤ የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1968 ዓ.ም. ክርክሩን ዋዛ ነው አለው። እኔን ግን ያስደነገጠኝ ፍርዱ አይደለም፤ የሰውዬው መጽሐፍ የእኛው መጽሐፍ ቅዱስ መሆኑ ነው። ለአፍሪካ ሰዎች ደግሞ ነገሩ ሩቅ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. በናይሮቢ አንድ የቻይናውያን ምግብ ቤት ከምሽቱ 11 ሰዓት በኋላ አፍሪካውያንን አላስገባም ብሎ በጋዜጣ ወጥቶ ሕዝቡን አስቆጥቶ ተዘግቷል።

ነገር ግን ጣልያንንና አሜሪካንን መውቀስ ይቀላል። ነጠላችንን የሸመነልንን፣ ማረሻችንን የቀጠቀጠልንን፣ ምጣዳችንን የሠራችልንን፣ ቆዳችንን የፋቀልንን ሰው «ጠይብ»፣ «ፋቂ»፣ «ቡዳ» ብለን ከማዕዳችን የለየን እኛው ነን። በከፋ ማንጆ የሚባሉት ወገኖቻችን ወደ ሌላው ሰው ቤት እንዳይገቡ፣ ምግብ ቢሰጣቸውም በደጅ በቅጠል እንዲቀበሉ ሲደረግ ኖሯል። ይህን ያዘዘን ጣልያን አይደለም፤ አዋጅም አልወጣበትም። እያንዳንዱ ባለ ቤት «ቤቴ የራሴ ነው» እያለ ነው ሁሉም በሮች በአንድ ሰው ላይ የተዘጉት።

ይህን ካሰብሁ በኋላ የአጎቴ አባባል ከየት ላይ እንደሚሰበር ታየኝ። ቤትና ሱቅ አንድ አይደሉም። ቤቴ የጋበዝሁት ይገባል፤ ሱቅ ግን በሩን ወደ መንገድ ከፍቶ፣ ስሙን ጽፎ ሰቅሎ፣ ፈቃድ አውጥቶ መንገደኛውን ሁሉ «ግቡ» ብሏል። ግቡ ካለ በኋላ ፊት አይቶ «አንተን አይደለም» ማለት ቃል ማጠፍ ነው። ሕጋችንም ወደዚህ ያዘነብላል፤ ስለ ንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ በወጣው አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች በማንኛውም ነጋዴ ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት አለው፤ ዕቃ አይቶ ዋጋ ጠይቆ ሳይገዛ ቢወጣም አይገደድም። እንግዲያውስ ሽማግሌው ምንም ሳይገዙ ግድግዳውን አይተው የመውጣት መብት ነበራቸው፤ ልክ እንደ ፈረንጆቹ።

«ሌላ ሱቅ ይሂዱ» የሚለውስ? ሌላ ሱቅ ካለ ነው። በደርግ ዘመን ስኳርና ዘይት በካርድ በቀበሌ ሱቅ ይታደል እንደ ነበር ወላጆቻችን ነግረውናል። ካርድ የሌለው ሰው ከዚያ በር ከተመለሰ የሚሄድበት ሌላ በር ብዙ ጊዜ አልነበረውም። በአንዲት ትንሽ ከተማ አንድ መድኃኒት ቤት ብቻ ካለ እንዲሁ ነው። በቸርችል ጎዳና ሱቁ ብዙ ነው፤ ይሁን እንጂ እኔ «ወደ ላይ ይሞክሩ» ያልኋቸው አባት ወደ ላይ ሲሞክሩ ሌላው ልጅ ምን ብሏቸው ይሆን?

አጎቴ ስለ ሌባ የሚሉት አንድ ነገር ቀርቷል። ሌባ እንደሚኖር አልክድም። ሆኖም በእኔ ጊዜ ከሱቁ የጠፋው አንድ የብር ቀለበት ሲሆን፣ የጠፋውም ከረባት ያሰረ ሰው ካስተናገድሁ በኋላ ነው። ከሌባው ይልቅ የሚከብደው ሌላው ምክንያታቸው ነው፤ «ደህና ደንበኞቼ ይሸሹብኛል» ይሉ ነበር። ይህ ሐሰት አይደለም። የሚሸሹ አሉ። ታዲያ እነዚህ «ደህና ደንበኞች» እነማን ናቸው? ከቅዳሴ በኋላ ነጠላችንን አጣጥፈን በካፌ የምንቀመጠው እኛም አይደለንምን? ዘበኛው ሊስትሮውን ከበር ሲመልሰው የሚመልሰው እኛ እንዳይከፋን ነው። ለባለ ቤቱ በሩን ክፈት ማለት ካስፈለገ፣ አጠገባችን የሚቀመጠውን ሰው አይተን ወንበራችንን የማንስብ መሆናችንን አስቀድመን ማሳየት ያለብን እኛ ነን። ይህ ደግሞ ከመዝሙር ይከብዳል።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ አልዓዛር ባስተማረው ትምህርት የሚመጸውተውን ሰው በወደብ ይመስለዋል፤ ወደብ መርከቡ የተሰበረበትን ሁሉ ይቀበላል እንጂ ደግ ነህ ክፉ ብሎ አይመረምርም። ሱቅ ምጽዋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሆኖም ከገበታው ላይ ያለ ዋጋ እንዲሰጥ የታዘዘ ክርስቲያን፣ ዋጋ ይዞ ለመጣው ሰው እንዴት ይነፍጋል?

አባታችን አብርሃም ድንኳኑን በመንገድ መገናኛ ተክሎ እንግዳ ሲቀበል ሰይጣን ቀንቶ ያደረገውን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ራሱን ፈንክቶ በመንገድ ላይ ተቀምጦ፣ «አብርሃም እንደ ድሮው አይምሰላችሁ፤ እኔንም ደብድቦ ሰደደኝ» እያለ መንገደኛውን ሁሉ መለሰ፤ አብርሃምም ያለ እንግዳ አልበላም ብሎ ሦስት ቀን ጾሙን ዋለ፤ ሥላሴም ወደ ድንኳኑ የመጡት ከዚህ በኋላ ነው። ይህን ታሪክ ስሰማ ሁልጊዜ የማስበው ስለ አብርሃም ነበር። አሁን ግን ስለ ተመለሱት መንገደኞች አስባለሁ። ማንም በር ላይ አልከለከላቸውም። «ያ በር ለእናንተ አይደለም» የሚል ወሬ ሰምተው ከሩቅ ተመለሱ።

ይህን የምለው ስለ እናቴ ነው። እናቴ በቸርችል ጎዳና ወደ ጊዮርጊስ ስትመላለስ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ በመንገዱ ዳር ካሉት ካፌዎች ግን አንዱንም ገብታ አታውቅም። አንድም ቀን የመለሳት የለም። «እኛን አይመለከትም» ትላለች። ያን ወሬ ማን እንደ ነገራት አላውቅም፤ በበሩ ከተቀመጡት አንዱ ግን እኔ ነበርሁ።

ባለፈው ወር በበዓሉ ቀን ከቅዳሴ በኋላ እጇን ይዤ ወደ አንዱ ካፌ አስገባኋት። በሩ ላይ ስትደርስ ቆማ ለዘበኛው ጎንበስ ብላ «ይቻላል?» አለችው። እሱም ደንገጥ ብሎ «ምነው እማማ፣ ይግቡ እንጂ» አላት። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ በወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ ሻይዋን በሁለት እጇ ይዛ ጠጣች። ስኳሩ በዛ አለች። ከዚያም ወደ በሩ እያየች «ያ ልጅ ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል፤ ለእሱም አንድ ሻይ በልልኝ» አለችኝ። አስተናጋጇን ጠርቼ ነገርኋት። ልጅቷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ለዘበኛ እዚህ ውስጥ አይቀርብም» አለችኝ።

ብርጭቆውን ይዤ ወደ በሩ ወጣሁ።